የኩየራ ሰው ድምፅ የት ደረሰ?

ወገኖቼ፣ ተጠጉና አድምጡኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የአንዲት ወረቀትን ታሪክ ነው። የመሬት ካርታ አይደለችም፣ የጋብቻ ውልም አይደለችም፤ በምርጫ ቀን ማታ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ድምፁ አንድ በአንድ ከተቆጠረ በኋላ፣ የጣቢያው አስፈጻሚ ቁጭ ብሎ በእጁ የሚሞላት የውጤት ቅጽ ናት። ከየትኛውም መንደር ልናነሣት እንችላለን፤ እኔ ግን ከኩየራ ላንሣት፤ ኩየራ ትንሽ ከተማ ናትና፣ ትልቁ ነገር ሲያልፍ ከሥሩ የሚቀረው ከእንዲህ ያለች ቦታ ሆኖ ሲታይ ይጠራል።

ኩየራን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከአዳማ ተነሥታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያም መቂን ከነሽንኩርቷና ከነቲማቲሟ፣ ዝዋይን ከነሐይቋና ከነዓሣዋ እየተሰናበታችሁ፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ታልፉና የላንጋኖን ቡናማ ውኃ በግራ በኩል እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ከዚያም መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ግራሩ እየሳሳ ባሕር ዛፉ እየበዛ ይመጣል፤ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ከኋላ ይቀርና በመስኮቱ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። አርሲ ነገሌ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ይሳፈራል፤ ጥቂት ስትሄዱ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን የሚሻሙባት፣ የአድቬንቲስቶች ኮሌጅ ስሟን በሩቅ ያስጠራላት ኩየራ ትመጣለች፤ ከእሷ ብዙም ሳትርቁ ሻሸመኔ ትገባላችሁ። ብዙ መንገደኛ ኩየራን በመስኮት አይቶ ነው የሚያልፋት። የምርጫ ቁጥርም እንዲሁ ነው ያለፋት፤ ወጋችንም ስለዚሁ ነው።

በሀገራችን ጠቅላላ ምርጫ ብዙ ጊዜ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ይውላልና፣ የዝናቡ መግቢያ ነው፤ ሰማዩ ገና በጠዋቱ ይጠቁራል። ሰዉ ግን ሳይነጋ ይወጣል። እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ወጣቶች ካርዳቸውን በኪሳቸው እየዳሰሱ ይሰለፋሉ፤ ጭቃው ጫማ እየያዘ፣ ካፊያው ትከሻ እያረጠበ፣ ሰልፉ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ ይገፋል። ከዚያም መዝገቡ ላይ ስማቸው ይፈለጋል፣ ጣታቸው ቀለም ይነካል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻቸውን ገብተው ምልክታቸውን ያደርጋሉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ከሣጥኑ ይከታሉ። ያ ሁሉ ድካም የሚያርፈው በዚያች ሣጥን ውስጥ ነው።

ሲመሽም በሩ ይዘጋና ሣጥኑ ይከፈታል። የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ዙሪያውን ቆመው እያዩ፣ አስፈጻሚው ወረቀቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ እያነሣ ያሳያል፤ የዚህ ዕጩ፣ የዚያ ዕጩ፣ ምልክቱ ያልለየ ደግሞ ዋጋ አልባ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያም ቅጿ ትሞላለች፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ፣ እያንዳንዱ ዕጩ ስንት አገኘ፣ ስንቱ ዋጋ አልባ ሆነ። ይፈረምባትና የውጤቱ መግለጫ በጣቢያው ደጃፍ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ የምርጫ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ውጤቱ ከጣቢያው ጀምሮ በይፋ እንዲገለጽ ያዛል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ ቆም ብሎ ያነባታል፤ ማንበብ የማይችለው ልጁን ያስነብባል። ያቺ ጠዋት የኩየራ ሰው ምን እንዳለ በግልጽ የተጻፈባት ጠዋት ናት።

ከዚያስ? ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ይርሳል፣ ይላጣል፣ ይወድቃል። ሌላው ቅጂ ታሽጎ ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ይጓዛል፤ እዚያም ከብዙ ጣቢያዎች ቅጾች ጋር ይዳመራል። የተዳመረው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የምርጫ ቦርዱ ያረጋግጠዋል፤ በመጨረሻም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይህ ፓርቲ ይህን ያህል ወንበር አገኘ ይባላል። ከየገበሬው ማሳ የመጣ ስንዴ አንድ ጎተራ ከገባ በኋላ የማን ማሳ ስንት እንደሰጠ እንደማይለይ፣ ድምፁም በየደረጃው በተዳመረ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይረሳል። ድምሩ ይቀራል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ማንም ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ሥራውን ሠርቶ፣ ሁሉም በትክክል ደምሮ፣ ግን የኩየራ ሰው የተናገረው ለብቻው የሚገኝበት ቦታ ይታጣል።

እንግዲህ አንዲት ልጅ አለች እንበል። ስም አላወጣላትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት የሚንከራተቱ ብዙ ናቸውና ለሁሉም ትቁምልን። ይህች ልጅ ፖለቲካ ሳይንስ አጥንታ፣ ለጽሑፏ አንድ ጥያቄ መረጠች፤ የኩየራና የአካባቢዋ ሰው በየዘመኑ እንዴት መረጠ፣ ምንስ ሲለወጥ ምርጫው ተለወጠ የሚል። ጥያቄው ቀላል መሰላት። ማስታወሻ ደብተሯን ያዘች፣ የትብብር ደብዳቤዋን በፖስታ አደረገች፣ ጠዋት ተነሥታ ጉዞ ጀመረች።

መጀመሪያ የቅርቡን፣ የሰኔ 14 ቀን 2013ቱን 6ኛ ጠቅላላ ምርጫ ፈለገች። ይህ ከበፊቶቹ የተሻለ ነው፤ ቦርዱ በየምርጫ ክልሉ የተወዳደሩትንና ያገኙትን ድምፅ አውጥቷል። ደስ አላት፤ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች፤ ቀጥሎም ጣቷ ገጹ ላይ ቆመ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 የምርጫ ክልሎች ነው ያሉት፤ ከእነዚህ 178ቱ በኦሮሚያ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሀገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበራት፤ ለ547 ብናካፍለው አንዱ የምርጫ ክልል በአማካይ ከ130 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። እንደ ኩየራ ያለች ከተማ በዚያ ውስጥ ከገጠር ቀበሌዎች ጋር ተደባልቃለች። ከተማው ከገጠሩ ይለይ አይለይ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ከመንገዱ ርቆ ካለው ይለይ አይለይ፣ ሠንጠረዡ አይናገርም። የሚናገሩት የጣቢያዎቹ ቅጾች ነበሩ።

እሺ፣ ወደ ኋላ ልሂድ አለች፤ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደውን ፈለገች። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ግራ መጋባት መጣ። ዛሬ ሻሸመኔና አርሲ ነገሌ በምዕራብ አርሲ ዞን ናቸው፤ የዞኑም መቀመጫ ሻሸመኔ ነው። ምዕራብ አርሲ ግን የተቋቋመው ከዚያ ምርጫ በኋላ ነው፤ ከምሥራቅ ሸዋ፣ ከአርሲና ከባሌ ወረዳዎች ተወስደው ነው የተዋቀረው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ እነሻሸመኔ በምሥራቅ ሸዋ ሥር ተቆጥረዋል፤ በ1999ኙ ደግሞ በምዕራብ አርሲ ሥር። ምሥራቅ ሸዋ ደግሞ መቀመጫው አዳማ ነው። ስለዚህ ልጅቱ የኩየራን ነገር ፍለጋ ወደ አዳማ ወረደች።

አዳማ በቀትር ታውቋታላችሁ፤ ፀሐይዋ አናት ትመታለች፣ ነፋሷ አቧራውን እያነሣ ይጥላል። አንድ መዝገብ ቤት ገባች እንበል። ማኅደር ጠባቂው ደግ ሰው ናቸው፤ በርጩማ አቀረቡላት፣ ሻይ አዘዙላት፣ ደብዳቤዋን ሁለት ጊዜ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚያ ወረዳዎች ከእኛ ሄደዋል፣ ወረቀታቸውም አብሯቸው ሄዶ ይሆናል፣ እዚያ ጠይቂ አሏት። እውነታቸውን ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ራሱ በ1992 ዓ.ም. መቀመጫውን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ አዛወረ፤ ውሳኔው ብዙ ተቃውሞ አስነሣ፤ ከዚያም ልክ በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ መመለሱ ተወሰነ። የሁለት ምርጫ ዘመን ቢሮ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድና ሲመለስ፣ የትኛው ካርቶን የትኛው ክፍል ቀረ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ከዚያም አባዱላ ተሳፈረችና ወደ ደቡብ አቀናች። በመንገድ ላይ ረዳቱ እየጮኸ ሰው ሲጠራ፣ ከጎኗ የተቀመጡት እናት የገዙትን ሽንኩርት በጉልበታቸው መሐል ይዘው ሲያንቀላፉ፣ እሷ ደብተሯን ከፍታ ዘመኖቹን ጻፈች። በንጉሡ ጊዜ ይህ አካባቢ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበር፤ ቀጥሎ ምሥራቅ ሸዋ ሆነ፤ ዛሬ ምዕራብ አርሲ ነው። መሬቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ማኅደሩ ግን በሦስት ስም፣ በሦስት መንገድ ተበትኗል። የጽሕፈቱም ነገር አለ፤ የጥንቱ መዝገብ በአማርኛ፣ ከ1983 ወዲህ ያለው የክልሉ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ነው፤ ዘመኑም አንዱ ጋ በኛ፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። የአንዲት ከተማ ስም በተለያየ አጻጻፍ ይገኛልና፣ ዓይን ያልለመደ ሰው ሁለት ከተማ መስሎት ያልፋል።

ኩየራ ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ገና አባርቶ ጣሪያው ያንጠባጥባል። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዷት። ጉልበት ስማ ተቀመጠች፤ እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ወተት አስቀረቡላት፤ ከዚያ ምን ፈልገሽ መጣሽ ልጄ አሏት። እሷም አባባ፣ ድሮ እንዴት ትመርጡ እንደነበር ልጠይቅዎ ነው አለች። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አድርገው፣ ቆይተው ቆይተው ይናገሩ ጀመር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ሆነ፣ ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ቀጠለ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዕጩው በንብረቱና በስሙ ነው የሚታወቀው። የምርጫ ወረዳውም ሰፊ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለ200 ሺህ ያህል ሰው ሁለት እንደራሴ ይል ነበር። ሽማግሌው ማን ቆሞ እንደነበር ያስታውሳሉ፣ ማን በቅሎ አስጭኖ መንደር ለመንደር እንደዞረ ያስታውሳሉ፤ የኩየራ አካባቢ ሰው ለማን ስንት ድምፅ ሰጠ ስትላቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሉ። ያሸነፈውን እንጂ የኛን ብቻውን የነገረን የለም ልጄ አሉ።

ይህን ስትሰማ ልጅቱ ወመዘክርንና በ6 ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሰበች። እዚያ የዘመኑ ጋዜጦች አሉ፣ ነጋሪት ጋዜጣም አለ፤ ክሪስቶፈር ክላፋምና ጆን ማርካኪስ ስለዚያ ዘመን መንግሥት የጻፏቸው መጻሕፍትም አሉ። ስለ ፓርላማው አኳኋን ብዙ ይማሩባቸዋል። መንደርን ከመንደር የሚለይ ቁጥር ግን በመጻሕፍት አይገኝም፤ ቢኖር በአውራጃ ማኅደር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ አውራጃው ራሱ ደግሞ ዛሬ የለም።

ከዚያም ዘመን ተለወጠ፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ 81 ከመቶ ደገፈው ተባለ፤ በሰኔም ለ835 የሸንጎ መቀመጫዎች ምርጫ ተደረገ። ደርግ ወደቀ፤ ሰኔ 14 ቀን 1984 የክልል ምርጫ ሆነ፣ ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ራሱን አገለለ። በ1986 የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተመረጠ፤ በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ጠቅላላ ምርጫዎች ተካሄዱ። እያንዳንዱ ሲመጣ ሰዉ ተሰልፏል፣ እያንዳንዱ ሲያልፍ ወረቀት ቀርቷል፤ ወረቀቱ ያለበትን ግን አንድ ላይ አሰባስቦ የሚያሳይ መዝገብ የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ለሰው ቅርብ የሆነው ምርጫ ነው። የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2000 እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። ለ2000ው ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 ወንበር እንዲይዙ ተደርጎ ነበርና፣ በሀገር ደረጃ ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጋ መቀመጫ ቀረበ። ተቃዋሚዎች ገሚሱ ከመንገድ ተመለሱ፣ ገሚሱ አልተወዳደሩም፤ በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱት። ሎቪሴ ኦለንና ሼቲል ትሮንቮል የሚባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ይህን ምርጫ በዓለም አቀፍ የጥናት መጽሔት ጽፈውበታል። ለእኛ ግን የቀረልን ጥቅሉ ነው። ውኃ ስለሚያድለው፣ መሬት ስለሚለካው፣ መታወቂያ ስለሚሰጠው ምክር ቤት ነው የምናወራው፤ በኩየራ ቀበሌ ማን ከማን ጋር ተወዳደረ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ሰው ቤቱ ቀረ የሚለው ከአካባቢው ቢሮ መሳቢያ ውጭ መልስ የለውም። መሳቢያውም ዘላለማዊ አይደለም፤ በ2008ቱ ተቃውሞ በኦሮሚያ በብዙ ቦታ የመንግሥት ቢሮዎች ተቃጥለዋል፤ ቢሮ ሲቃጠል የሚቃጠለው ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል አንዱ፣ ምን አስጨነቀሽ፣ አሸናፊው ታውቋል፣ ወንበሩ ተይዟል፣ ዝርዝሩ ምን ያደርግልሻል ሊላት ይችላል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 እንደሚለው በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። በአንድ የምርጫ ክልል 51 ሰው አንዱን፣ 49 ሰው ሌላውን ቢመርጥ፣ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ የመጀመሪያው ነው፤ 49ኙ በወንበር ቆጠራ ውስጥ አይታዩም። በ2002 ኢሕአዴግ ብቻውን 499 ወንበር ያዘ፤ በ2007 ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም ያዘ። ወንበሩን ብቻ ያየ ሰው በዚህች ሀገር ሌላ ሐሳብ ያለው አንድ ሰው አልነበረም ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሕዝብ በአደባባይ ሲወጣ ደግሞ ይደነግጣል፤ ይህ ከየት መጣ ይላል። ምናልባት በየጣቢያው ቅጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሸናፊውን ባልመረጡት ቁጥር፣ በቤታቸው በቀሩት ቁጥር፣ ሆን ተብሎ ዋጋ አልባ በተደረገው ወረቀት ቁጥር። ሰዉ ተናግሮ ነበር፤ ያዳመጠው ግን ድምሩን ብቻ ነው።

የ1997ቱንም አስቡት። የመጨረሻው የወንበር ቁጥር ኢሕአዴግ 327፣ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ሆነ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ምርጫው ተደገመ። ከዚያ በፊትና በኋላ የፈሰሰውን ደም፣ የታሰረውን ሰው ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ እኔም አልደግመውም። ክርክሩ ግን ከሥሩ የመደመር ክርክር ነበር፤ ከጣቢያው የወጣው ቁጥርና ማዕከሉ ላይ የተነገረው አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚል። እያንዳንዱ ጣቢያ ውጤቱ በዝርዝር ታትሞ ሁሉም እጅ ቢገባ ኖሮ፣ ያ ክርክር በእርሳስና በወረቀት ሊያልቅ ይችል ነበር። ሊዮናርዶ አሪዮላ የተባለ ምሁር ያንን ምርጫ ይዞ የተቃዋሚዎች ድጋፍ ከብሔርና ከኑሮ ሁኔታ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው መርምሯል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ የሚችለው ቁጥር ሲኖር ነው። ቁጥር ከሌለ ተንታኙ ኦሮሚያ እንዲህ ናት፣ ደቡብ እንዲህ ነው፣ ከተማው እንዲያ ነው እያለ በጅምላ ይፈርዳል። ሚሊዮኖች በአንድ አፍ እንደተናገሩ ይቆጠራሉ።

ልጅቱ ይህን ስታወራ፣ ከሽማግሌው ጎን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተናገሩ። ልጄ፣ ይህ ሰፈር ይህን መረጠ ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ ይህን ሰፈር ማዳበሪያ ይነፍጉታል፣ መንገዱን ይተዉበታል፤ ባይጻፍ አይሻልም? አሏት። ወገኖቼ፣ ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለምና አንናቀው። በሀገራችን ስንት ሰው በመረጠው ተጠይቋል።

ግን ነገሩን እስከ ዳር እንውሰደው። ውጤቱ በጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል፤ ያየው ማን ነው? የሰፈሩ ሰው አይቶታል፣ የቀበሌው ሹም አይቶታል፣ የፓርቲው ሰው ቅጂ ይዟል። ሊቀጣ የሚፈልግ ካለ ቁጥሩን ከማንም በፊት ያውቀዋል። የማያውቀው ማነው? ጋዜጠኛው፣ ተመራማሪው፣ የሕግ ባለሙያው፣ በሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድም። ያ ሰፈር መንገድ በተነፈገ ጊዜ፣ ይኸው ይህን በመረጠ ማግሥት ነው የተነፈገው ብሎ በማስረጃ ሊከራከርለት የሚችለው እሱ ነው። ዝርዝሩ ሲደበቅ የሚቀጣው እጅ አይታሰርም፤ የሚከላከለው እጅ ነው የሚታሰረው። የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በመጋረጃው ጀርባ ምስጢር ሆኖ ይኑር፤ ጣቢያው በጣም ትንሽ ሆኖ ሰው የሚታወቅበት ከሆነም ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ተዳምሮ ይውጣ። የጋራው ቁጥር ግን የጋራ ነው።

ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሰረዘው፤ ከምክንያቶቹ ዋናው ውጤቱ ከጣቢያ ወደ ማዕከል የተላለፈበት መንገድ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2014፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ የሆኑ ጣቢያዎችን የውጤት ቅጽ ፎቶ ለሁሉም ሰው ክፍት አደረገው። ጋዜጠኛው ደመረ፣ ተማሪው ደመረ፣ የፓርቲው ሰው ደመረ። ክርክር አልቀረም፣ ፍርድ ቤትም ተሄደ፤ ነገር ግን ሁሉም ያንኑ ወረቀት እያየ ነው የተከራከረው። ኬንያ ያደረገችው ወረቀቷን ከነትውልድ ቦታዋ ማኖር ነው።

እኛም ሕጉ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ስለዚህ የምትፈልጉ ሁሉ በቃል ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑን አስጽፉ፣ ቅጂውን ያዙ። ቦርዱ ደግሞ ዛሬ በእጁ ያሉትን የጣቢያ ቅጾች በምርጫ ክልል፣ በወረዳና በቀበሌ ስም ለይቶ፣ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል ሠንጠረዥ ያውጣልን፤ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይስጥልን፤ ዞን ቢለወጥ፣ ስም ቢታደስ ያ ቁጥር ድልድይ ይሁን። የሕዝብ ቆጠራም ከ1999 ወዲህ አልተካሄደምና፣ ስንት ሰው ከስንት መረጠ ለማለት የምንመካበት መለኪያ አርጅቷል፤ እሱም ይታሰብበት።

በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የአዳማው፣ የአሰላው፣ የሐዋሳው፣ ከበራቸው የሚያልፈውን ታሪክ ይሰብስቡ። ፓርቲዎች ወኪሎቻቸው ይዘውት የተመለሱትን ቅጂ ከመሳቢያ አውጥተው ያስረክቡ። እናንተም ቤታችሁን ፈትሹ፤ በ1992 ወይም በ1997 አስፈጻሚ ወይም ታዛቢ የነበረ አባት ያለው ሰው፣ ከሣጥኑ ሥር ቃለ ጉባኤ ሊያገኝ ይችላል። አትጣሉት። ሽማግሌዎቹም በሕይወት ሳሉ ማን ተወዳደረ፣ ሰልፉ እንዴት ነበር፣ ማን ተከለከለ የሚለው በድምፅ ይቀረጽ፤ ቁጥሩን ባይሰጡንም ቁጥሩ ሲገኝ የምናነብበትን ዓይን ይሰጡናል።

የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ አልተካሄደም፤ በ2010 መሆን ሲገባው ተራዘመ፣ ከዚያም ደግሞ ተራዘመ። አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ የ2000ውና የ2005ቱ ዕጣ እንዳይደርሰው አሁን ነው መነጋገር ያለብን፤ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት፣ የየቀበሌው ውጤት የት ይቀመጣል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ መቼ ለሕዝብ ይወጣል የሚለው በሕግ ይጻፍ። ያ ሰው በሰኔ ጭቃ የቆመው አንድ ነገር ሊናገር ነው። የተናገረውን ቆጥረን ወስደናልና፣ በቦታው ስም ጽፈን ልንመልስለት ዕዳ አለብን፤ ዕዳው የቦርዱም፣ የፓርቲዎቹም፣ የተማርነው የኛም ነው።